አቻ የጠፋለት ጥንግ መቺ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1957

ብያለሁ። ከአፌ ወጥቷል፤ ገበያው ሁሉ ሰምቷል፤ መመለሻ የለውም። የዘንድሮን ገና እጫወታለሁ ብያለሁ። እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር። «ለየትኛውም ወገን ብደርስ፣ ጥንጓን መትቼ ጣና ነው የምከታት» ብዬ ጨመርኩበት።

ነገሩን ያመጣው ጓዴ ነው። ጓዴ የመልካው ወገን የገና አለቃ ነው፤ ጢሙ እንኳ ገና ያላመነበት ጎረምሳ። ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ «አያ ካሴ፣ ዘንድሮ ጥላ ሥር እናስቀምጥዎታለን፤ እኛ ስንጫወት እርስዎ ያንን የድሮውን ያወሩልናል» አለኝ። ሳቁብኝ። እኔን! አባ ጥንግን! ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የመጨረሻዋን ጥንግ ከወዲያኛው ወገን ግብ፣ ከሾላው ዛፍ፣ አሳልፎ የመልካውን ወገን ያስጨፈረውን!

ይህን ደብተር መምህሩ ነው የሰጠኝ፣ ኅዳር ላይ የማታውን ትምህርት ስንጨርስ። «ካሴ፣ ውሸቱን በአፍህ ታወራዋለህ። እዚህ ላይ እውነቱን ጻፍ» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አሁን የማላነበው የለም። በጭነት መኪና ግንባር የተጻፈውን አነባለሁ፤ የስኳር ጆንያ አነባለሁ፤ የሞተ ሰው ስም ከመቃብሩ ላይ አነባለሁ። ሚስቴ የሺ፣ «እስከ ዛሬ በአፉ ብቻ ነበር፤ አሁን ደግሞ በእጁም ሊለፈልፍ ነው» ትላለች።

አንድ ነገር። ስፎክር ታምሬ ፊት ለፊቴ ማጭድ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ታምሬ ቀጥቃጭ ነው። የማታውን ትምህርትም አብረን ነው የተማርነው፤ እኔ ከፊት፣ እሱ በር ሥር ለብቻው። ፍከራዬን ሰማ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ማጭዶቹን መደርደር ጀመረ። ማጭዶቹ ግን ቀድሞም ተደርድረው ነበር።

ይህን ለምን እንደጻፍኩ አላውቅም።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 18

የሚያስፈልገኝ፦

ዱላ። አለ። የዚያን ጊዜው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ጉልበት። የቀኙ አለ። የግራው ስነሳ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል።

አቻ። ይህ ቀላል ነው። በገና ማንም ብቻውን አይመጣም፤ እኩያውን ይዞ ነው የሚመጣ። ሁለቱ ገለል ብለው የምስጢር ስም ያወጣሉ፤ ተመልሰው ለአለቆቹ «ይኸን ወይስ ያን?» ይላሉ። ስሙ የተመረጠው ወደ መራጩ፣ ሌላው ወደ ወዲያኛው ወገን ይሄዳል። እንግዲህ እኔን የሚያክል ሰው ማግኘት ብቻ ነው። የሚያክለኝ ከየት ይመጣል? ሃ!

ከቅዳሴ መልስ ዱላውን አወረድኩ። አቧራውን ጠረግሁ። ከጓሮ እምቧይ ለቅሜ እሱን እንደ ጥንግ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ አየሁ። አነሳሁ፤ አወረድኩ። እምቧዩ ከነቆቡ ቁጭ ብሏል። ዱላው መሬት መትቶ ለሁለት ተሰበረ። ውስጡን ነቀዝ ጨርሶታል። አሥራ ስምንት ዓመት እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳየሁት ነገር ዱቄት ነበር።

የሺ ከደጅ ሆና፣ «ምን ተሰበረ?» አለች።

«ማገዶ ነው» አልኳት።

ያ ድምፅ ግን። ዱላ ጥንግ ስቶ መሬት ሲመታ የሚሰማው ድፍን ያለ ድምፅ። አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ይብቃኝ ለዛሬ።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ሁለት ገጽ ቀደድኩ። ይህ ሦስተኛው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለት ልሳል አሰብኩ። «ገብርኤል ሆይ፣ ጉልበቴን ብትምርልኝ፣ ጥንጓን ብታስመታኝ፣ እንደዚያን ጊዜው...» ልል ስል ምላሴ ተያዘ። ለጓዴ ይዋሻል። ለእንግዳ ይዋሻል። ለገብርኤል «እንደዚያን ጊዜው» ይባላል? እሱ ከላይ ሆኖ አይቷል።

እሽ። ልጻፈው።

ጥንጓን የመታኋት እኔ አይደለሁም።

ጻፍኩት። እጄ አልተቆረጠም።

እንዲህ ነው የሆነው። ያን ዕለት ከኛ ወገን አንዱ እግሩን ተመትቶ ወጣና ሰው ጎደለን። ታምሬ ዳር ቆሞ ያይ ነበር፤ ያኔ ጎረምሳ ነው። አለቃችን «አንተ ባለእጅ፣ ና ሙላ» አለው። በአቻ አልገባም፤ በመሙያ ገባ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ጥንጓ ከሾላው ሥር እግሬ ላይ መጣች። አቧራው ሰው አያሳይም። አነሳሁ፤ መታሁ፤ መሬት። ድፍን ያለ ድምፅ። ከኋላዬ የታምሬ ዱላ ጠረረረ ብሎ አለፈ፤ ጥንጓም አለፈች። አቧራው ሲገለጥ ዱላ ከፍ አድርጎ የቆመው እኔ ነኝ። ተሸከሙኝ። ከሰው ትከሻ ላይ ሆኜ ታምሬን አየሁት፤ አየኝ።

እዚህ ድረስ ያለው ስርቆት ነው። ሰው ስርቆቱን ይናዘዛል፤ ይሰግዳል፤ ያልፋል። የሚቀጥለው ነው የሚበላኝ።

ማታውን ጠላ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ «እኔ ግን የመታት ያ ባለእጅ መሰለኝ» አሉ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ እኮ ቀልድ አይጠፋኝም። «እሱማ መትቷታል፣ በዓይኑ!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌውም ሳቁ።

በነጋታው ግን ሳቅ አልነበረም። የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል የሚባለው ወሬ ድሮም ነበር፤ እኔ ለወሬው ስም አወጣሁለት። «በዓይኑ መቺ።» ልጅ ያተኮሰው በዓይኑ መቺ ነው፤ ላም የነጠፈችው በዓይኑ መቺ ነው። ከዚያ ወዲያ ታምሬ የገና ሜዳ አልረገጠም። ማንም ውጣ አላለውም። ማንም ና አላለውም።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 21

አቻ ፍለጋ። የጠየቅኋቸውና የመለሱልኝ፦

አብሮ አደጌ፦ «ካሴ፣ እኔ አርጅቻለሁ። አንተም አርጅተሃል፤ የነገረህ ሰው ስለሌለ ነው።»

ጎረቤቴ፦ ወገቡን ያዘ። ትናንት ሁለት ኩንታል ጤፍ ሲሸከም ያየሁት ወገብ።

የአብሮ አደጌ ልጅ፦ «አያ ካሴ፣ ከእርስዎ ጋር አቻ ነኝ ብዬ ከቆምኩ ማን ልጁን ይድርልኛል?»

አንድ ደግሞ ስመጣ አይቶ ጭድ ውስጥ ገባ። እግሩ ይታየኝ ነበር። «ለእግርህ ሰላም በልልኝ» ብዬው አለፍኩ።

ዱላም ሠርቼ ነበር። ከኮረብታው ክትክታ ቆርጬ ምድጃ ውስጥ ላጥፈው ብዬ አከሰልኩት። የሺ፣ «ይኸስ ማገዶ ነው» አለች።

በጾም አፌ ጥሬ ሽምብራ እየቆረጠምኩ ቁጭ ብያለሁ። ዱላ ማጠፍ የሚችል አንድ ሰው አውቃለሁ። አልሄድም።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 24

ከወንዛዬ አሁን ገባሁ። ሐሙስ በጭነት መኪና እስከ ሐሙሲት፣ ከዚያ በእግር። ፍል ውሃው ለጉልበት ፍቱን ነው ብለውኝ። እውነትም ጉልበቴ ለስልሷል። የቀረው ሰውነቴ ነው ታሞ የተመለሰው።

ውሃው ውስጥ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀምጫለሁ። አንዱ ከየት ነህ አለኝ። ከወረታ አልኩት። «ወረታ አባ ጥንግ የሚሉት ሰው አለ አይደል? ፀሐይ ስትጠልቅ የመታው?» አለ። ልቤ ቅቤ ሆነ። እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት ከጎኑ ያለው ቀበል አድርጎ፣ «እዚያ ደግሞ በዓይኑ መቺ የሚባል ቀጥቃጭ አለ አሉ፤ ልጅ ይዘህ በደጁ አትለፍ» አለው።

አፌን ዘጋሁ። እስከ አገጬ ውሃው ውስጥ ገባሁ።

በእግሬና በመኪና አንድ ቀን የፈጀብኝን መንገድ ቀልዴ ቀድሞኝ ሄዶ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። አባ ጥንግ ነኝ ብል በዓይኑ መቺንም የወለድኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ሁለቱ መንታ ናቸው።


ሰኞ፣ ታኅሣሥ 26

ሄድኩ።

እርጥብ ክትክታ በትከሻዬ፣ ቅቤ በቅጠል ጠቅልዬ። ታምሬ ከጎጆው ጎን ወናፉን እየነፋ ነበር። ሲያየኝ ተነሳ።

«አያ ካሴ፣ ማረሻ ነው?»

«ዱላ ነው። እጠፍልኝ።»

ተቀብሎ አሸተተው። «እርጥብ ነው፤ ደግ ነው» አለ። ቅቤውን አሻሸበት። «ዱላው ፈሰከ፣ እኔ ጾም ላይ ነኝ» አልኩት። አልሳቀም። ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበረውና እስኪሞቅ ተቀመጥን።

«ታምሬ፣ ያን ጊዜ...»

«አዎ።»

«ጥንጓን የመታሃት አንተ ነህ።»

«እኔ የመታሁትን ለኔ ሊነግሩኝ ነው የመጡት?»

ከመሬት ጋር አንድ ሆንኩ። አመዱን ቆስቁሶ፣ «ጥንጓ እንጨት ናት፤ ወስደዋታል፤ ይውሰዷት» አለ። «ያችን ቀልድ ግን መልሰው ሊወስዱልኝ ይችላሉ? ልጄ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን በነጠላ ይሸፍኑባታል። ያንን ቀልድ ሲቀልዱ ልጄ አልተወለደችም ነበር፣ አያ ካሴ።»

ይህን ሲል ልጅቱ ባዶ እንስራ አዝላ በአጠገባችን አልፋ ወረደች። እንደ ደንቡ እጅ ነሳችኝ። ምነው መሬት በዋጠኝ።

ዱላውን ከአመዱ አወጣ፤ በጉልበቱ ጫፉን ቀስ እያለ አጠፈው፤ በጠፍር አሰረው። «እስከ ዋዜማ አይፈታ» አለ።

ቀልድ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ስለዚህ እንዳለ ተናገርኩት፦ «አቻ አጣሁ። አቻዬ ሆነህ አብረኸኝ ቁም። እውነቱን ሰዉ ፊት እናገራለሁ።»

እጁን ጠረገ። «አንድ ጊዜ ቀልደውብኛል። ይኸ ሁለተኛው ቢሆንስ? መሃል ሜዳ አቁመው ሊያስቁብኝ ቢሆንስ?»

ዱላዬን በትከሻዬ አድርጌ ተነሳሁ።

እመጣለሁ አላለም። አልመጣምም አላለም።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 28፣ ዋዜማ

ለየሺ ነገርኳት። መሶቡን አቅርባ ሳትጨርስ። ትጮኻለች ብዬ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ዳር ቆሜ አይ ነበር እኮ። አቧራው ለእናንተ እንጂ ለኛ ከፍ ያለው ላይ ለቆምነው ምን ነበር? ዱላህ መሬት ሲቆፍር አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አገባሽኝ?»

«ለጥንጓ ያገባሁህ መስሎህ ነው አሥራ ስምንት ዓመት? አባቴ ነው የሰጠኝ።» ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «እኔም እንስራዬን እሸፍናለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሌሎቹ ሲሸፍኑ።»

ሁለታችንም እንጀራውን አልጨረስነውም።

ነገ የምለውን ጻፍኩ። አንደኛ፦ ጥንጓን የመታት ታምሬ ነው። ሁለተኛ፦ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው። ሦስተኛ የለም። ጠፍሩን ፈታሁት። ዱላው ቀጥ ብሎ ታጥፏል። ቀጥ ብሎ ታጥፏል ይባላል? መምህሩን ልጠይቅ።

ፈራሁ። ጓዴን አይደለም። ሾላውን አይደለም። ሰው ሳይስቅልኝ መቆምን ነው የፈራሁት።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 30

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ግራ እግሬን ከትራስ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። በቅደም ተከተል።

ሜዳው ሰው በሰው ነበር። ጎረምሶቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ወደ ጓዴና ወደ ሾላው ወገን አለቃ፣ ወደ ቄሱ ልጅ፣ ቀረቡ፤ ተመረጡ፤ አለቁ። እኔ ብቻዬን ዱላ ይዤ ቀረሁ።

«አያ ካሴ፣ አቻዎ የት አለ?» አለ ጓዴ። «ወንዛዬ ረሱት?»

ሳቅ። ዞር ብዬ አየሁ። ታምሬ ከሜዳው ውጭ፣ ከሰዉ ርቆ፣ አጥር ተደግፎ ቆሟል። ዱላ ይዟል።

«አቻዬ ያ ነው። ታምሬ ነው» አልኩ። «በዚያን ዓመት ጥንጓን የመታት እሱ ነው። እኔ መሬት ነው የመታሁ። በዓይኑ መቺ ያልኩትም የራሴን ውርደት ልሸፍን ነው፤ ውሸት ነው።»

ሰዉ ሳቀ!

ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ካሴ ዘንድሮ ደግሞ አዲስ አመጣ!» አሉ። አብሮ አደጌ እንባውን ጠረገ። ዕድሜ ልኬን ያሳቅሁት ሰው እውነት ስነግረው ምን ያድርግ? ታምሬን አየሁት። ዱላውን ትከሻው ላይ አደረገና ፊቱን አዞረ። ያለው ደረሰ፤ መሃል ሜዳ አስቄበታለሁ።

ሮጥኩ። ሮጥኩ ማለት በኔ ጉልበት። ደርሼበት እጁን ያዝኩ፤ በሰዉ ሁሉ ፊት፣ የቀጥቃጭ እጅ። ከዚያ ተንበርክኬ እግሩን ሳምኩ። ጨዋ ነኝ የሚል ሰው ለባለእጅ ሲንበረከክ ማን አይቷል? ሳቁ ከዳር እስከ ዳር እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ።

«ይነሱ፣ አያ ካሴ» አለኝ። «ጉልበትዎን ለጨዋታው ያስቀሩ።»

ገለል ብለን የምስጢር ስም አወጣን። ስም ያወጣው እሱ ነው። ተመልሰን ጓዴ ፊት ቆምን። «ማረሻ ወይስ ማጭድ?» አልኩ። ጓዴ ዱላውን ከእጅ እጅ አዛወረ። የቄሱን ልጅ አየ፤ ሰዉን አየ። አንድ ሰው ከኋላ «ይኸ ነገር...» ብሎ ጀመረ። ያኔ አንድ ትልቅ ሽማግሌ፣ በዚያ ዓመት ጠላው ላይ «ባለእጁ መሰለኝ» ያሉት፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ምረጥ አንተ ልጅ!» አሉ።

«ማረሻ» አለ ጓዴ።

ማረሻ ታምሬ ነው። እሱ ወደ መልካው፣ እኔ ወደ ሾላው። ከበደልኩት ሰው ጋር ልጫወት ነው የመጣሁት፤ እሱን ልገጥም ደረሰኝ።

ስለ ጨዋታው ልፎክር አልችልም። ጥንጓን ሁለት ጊዜ ነካኋት፤ አንዱ በእግሬ ነው። ቀኑ ሲመሽ ሾላው ሥር መጣች፣ እዚያው ቦታ፣ እኔና ታምሬ መሃል። አነሳሁ። ገብርኤል ምስክሬ ነው፣ ከልቤ ነው ያነሳሁት፤ አላዘንኩለትም። አወረድኩ። ድፍን ያለ ድምፅ። ጉልበቴ ከዳኝ፤ ወደቅሁ። ጠረረረ ብላ በጆሮዬ አጠገብ አለፈች።

አቧራው እንደዚያን ጊዜው ነበር። እኔ ግን አቧራው እስኪገለጥ አልጠበቅሁም። መሬት ላይ እንደተዘረርኩ፣ «ታምሬ ነው የመታት! ታምሬ! እኔ ስቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ። የተሸነፈ ወገን ሰው ላሸናፊው ሲመሰክር ማን ውሸት ይለዋል?

የመልካው ወገን ጨፈረ። ታምሬን የተሸከመው ግን የለም። ሁለት ጎረምሶች ጠጋ ብለው ነበር፤ ቆሙ። ጓዴ አየው፤ ከዚያ ዱላውን ወደሱ ዘርግቶ ዱላ በዱላ አጋጨለት። ያ ብቻ ነው የሆነው። ከዚያ እኔን ሊሰድበኝ መጣ፤ ወጉ ነው፦

ጉልበቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ውስጥ ቀርቶ፣
ካሴ ጥንግ ሊመታ አፉ ብቻ መጥቶ!

ጥሩ ግጥም ነው። ጻፍኩት።

ሲመሽ ታምሬ በአጠገቤ አለፈ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለኝም። ዱላዬን አንስቶ ጫፉን መረመረ። «ተሰንጥቋል፤ ሰኞ ያምጡት፣ አስርልዎታለሁ» አለና ሄደ።

ዛሬ ጠዋት የሺ ውሃ ወረደች። ቆየች። ስትመለስ እንስራው ላይ ነጠላ የለም።

«ልጅቱ ነበረች?» አልኳት።

«ነበረች።»

«እነዚያስ?»

«ሁለቱ ሸፈኑ። አንዷ ሸፍና፣ እኔን አይታ ገለጠች፤ መልሳ ሸፈነች።» እንስራውን አወረደችና በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ። ስጠጣ ቆማ ታየኝ ነበር፤ እሷም ፈርታለች፣ አልዋሽም፣ እኔም ፈርቻለሁ።

ጨረስኩት። ውሃ ውሃ ይላል።

«ድገሚኝ» አልኳት።